ፎርማት ሲደረግ የሚድን፣ በወሩ የሚያገረሽ፦ የኤስኤስዲ ችግርና መፍትሄ

ለአሮጌ ኮምፒውተር ሃርድ ዲስኩን አውጥቶ ኤስኤስዲ (የሚሽከረከር ክፍል የሌለው ፈጣን የማከማቻ ዲስክ) እንደመግጠም ያለ ጥገና የለም። ለመነሳት አራት ደቂቃ ይፈጅ የነበረ ላፕቶፕ ግማሽ ደቂቃ እንኳን አይሞላም። ይህን ስራ ለዓመታት ሰርቼዋለሁ። ብሎን መፍታት፣ ኬብል አጥብቆ መክተት፣ ባዮስ (ዊንዶውስ ከመነሳቱ በፊት የሚከፈተው የማሽኑ ቅንብር) ውስጥ መግባት ታውቃላችሁ ብዬ አልፈዋለሁ። የምጽፈው ከተገጠመ በኋላ ስለሚመጣው ጣጣ ነው።

አዲሱ ዲስክ አይታይም

ኤም.2 የሚባለው ቀጭኑ ኤስኤስዲ ከሆነ መጀመሪያ አይነቱን እዩ። ዲስክ ከማዘርቦርዱ ጋር የሚገናኝበት መንገድ ሁለት ነው፤ በነባሩ ሳታ የሚሰራ አለ፣ በፈጣኑ ኤንቪኤምኢ የሚሰራ አለ። ብዙውን ጊዜ ጫፉ ሁለት ቦታ የተቆረጠው ሳታ ነው። አንድ ቦታ ብቻ የተቆረጠው ኤንቪኤምኢ ነው። ቀዳዳው ሁለቱንም ሊያስገባ ይችላል። ማዘርቦርዱ ግን አንዱን ብቻ የሚያውቅ ሊሆን ይችላል። ስለዚህ ገባ ማለት ይሰራል ማለት አይደለም። ከመግዛታችሁ በፊት የላፕቶፑን ሞዴል ይዛችሁ የአምራቹን ገጽ እዩ።

ባዮስ አይቶት የዊንዶውስ መጫኛው "ዲስክ የለም" ካለስ? ከ11ኛው ትውልድ ወዲህ ባሉ የኢንቴል ላፕቶፖች ላይ ይህ የተለመደ ነው። ምክንያቱ ቪኤምዲ የሚባል የባዮስ ቅንብር ነው። ዲስኩ ምንም አልሆነም። ከላፕቶፑ አምራች ገጽ የኢንቴል ራፒድ ስቶሬጅ ድራይቨርን አውርዱ። ዚፑን ፈትታችሁ ፍላሽ ላይ አድርጉና መጫኛው ላይ "ሎድ ድራይቨር" የሚለውን ተጫኑ። ቪኤምዲን ማጥፋትም ይሰራል። ዊንዶውስ ቀድሞ ተጭኖ ከነበረ ግን አትንኩት፤ አልነሳም ይላችኋል።

ዴስክቶፕ ላይ ሲሆን ብዙውን ጊዜ ችግሩ የሳታ ኬብል ነው። ከአሮጌ ማሽን የተነቀለ፣ የተጣጠፈ ኬብል አትጠቀሙ።

ክሎን አደረግሁት፣ አይነሳም

ክሎን ማለት የአሮጌውን ዲስክ ይዘት እንዳለ አዲሱ ላይ መገልበጥ ነው። ሲ ድራይቭን ብቻ ገልብጣችሁ ይሆናል። ዊንዶውስ የሚነሳው ከጎኑ ካለችው ትንሽ ፓርቲሽን (የዲስክ ክፋይ) ነው። ዲስኩን ሙሉውን ገልብጡ። ለመጀመሪያ ጊዜ ስታስነሱም አሮጌውን ዲስክ ንቀሉት። ሁለቱ ተመሳሳይ መለያ ስለያዙ አብረው ሲሰኩ ዊንዶውስ ይምታታበታል።

አሮጌው ሃርድ ዲስክ የሚንቋቋ ድምፅ ካለው ክሎን አትሞክሩ። መጀመሪያ የሚያስፈልጋችሁን ፋይል አውጡ። ዊንዶውሱን አዲሱ ላይ እንደ አዲስ ጫኑት።

አንድ ነገር አደራ። ከአሜሪካ ወይም ከአውሮፓ ዘመድ የላከው ላፕቶፕ ከሆነ፣ ምንም ከመንካታችሁ በፊት ቢትሎከር (ዲስኩን የሚቆልፍ የዊንዶውስ መከላከያ) መኖሩን አረጋግጡ። ቢትሎከር ካለ 48 አሃዝ ያለው ቁልፍ ይጠይቃል። ቁልፉ ብዙ ጊዜ የሚገኘው መጀመሪያ ላፕቶፑን በከፈተው ሰው የማይክሮሶፍት አካውንት ውስጥ ነው። አንድ ልጅ የወንድሙን አካውንት ለማስከፈት ሌሊት ዘጠኝ ሰዓት ድረስ ስልክ ላይ ሲጠብቅ አይቻለሁ። ቀን ላይ ቢጠይቀው የአምስት ደቂቃ ስራ ነበር።

ተገጥሞም ቀርፋፋ ነው

ታስክ ማናጀርን ክፈቱና ሲ ድራይቭ የትኛው ዲስክ ላይ እንዳለ እዩ። ሁለት ዲስክ ያለው ዴስክቶፕ አሁንም ከአሮጌው እየተነሳ ሊሆን ይችላል። እሱ ካልሆነ ራሙን እዩ። 4 ጊጋ ራም ላይ ምንም ኤስኤስዲ ተአምር አይሰራም። የድሮ ማሽን የሳታ መስመሩ ግማሽ ፍጥነት ቢሆን አትጨነቁ። በሴኮንድ 550 ሜጋባይት የሚለው ወደ 280 ቢወርድ እንኳን ከ100 ሜጋባይት ሃርድ ዲስክ ጋር አይወዳደርም።

500 ጊጋ ገዝታችሁ 465 ቢያሳይ ደግሞ ማንም አልሰረቃችሁም። ፋብሪካው በ1000 ይቆጥራል፣ ዊንዶውስ በ1024 ይቆጥራል።

ፎርማት ሲደረግ ይድናል፣ በወሩ ያገረሻል

ወደዋናው ችግር መጣሁ። ከማንኛውም ብልሽት በላይ ደጋግሜ ያየሁት ይሄ ነው።

እቤታቸው ሆነው ለትንንሽ ሱቆች ሂሳብ የሚሰሩ አንዲት እናት ላፕቶፕ ይዘውልኝ መጡ። "ልጄ፣ ለሦስተኛ ጊዜ ነው የምከፍለው" አሉኝ። 1 ቴራ ኤስኤስዲ ተገጥሞላቸዋል። መጀመሪያ በጣም ፈጠነ። ከወር በኋላ ሰማያዊ ስክሪን መጣ፣ የሂሳብ ፋይሎቹም አልከፈት አሉ። ቫይረስ ነው ተብለው ፎርማት ተደረገላቸው። ዳነ። እንደገና አገረሸ። እንደገና ፎርማት። ሦስት ሰው ነክቶታል፣ ሦስቱም ገንዘብ ተቀብለዋል። አንዳቸውም ዲስኩን በፋይል ሞልተው አልሞከሩትም።

ሞልቼ ሞከርኩት። ከ1 ቴራው ውስጥ በትክክል የሚይዘው 58 ጊጋ ብቻ ነበር።

ነገሩ እንዲህ ነው። ዲስኩ ውስጥ ያለችው ትንሽ መቆጣጠሪያ ስንት እንደሚይዝ ለኮምፒውተሩ ትናገራለች። አጭበርባሪዎቹ እሷን "1 ቴራ ነኝ" እንድትል ያደርጓታል። ኮምፒውተሩም ያምናታል። እውነተኛው ቦታ እስኪሞላ ድረስ ሁሉም ደህና ነው። ከዚያ በኋላ የሚጻፈው ወይ የድሮው ላይ ይደረባል፣ ወይ የትም ሳይጻፍ ይቀራል። የስህተት መልዕክት የለም። የፋይሉ ስምና መጠን በትክክል ይታያል፣ ውስጡ ግን ባዶ ነው። ፎርማት ሲደረግ የሚድነውም ለዚህ ነው። አዲስ ዊንዶውስ ከነፕሮግራሙ 40 ጊጋ ገደማ ስለሆነ እውነተኛው ቦታ ላይ ይበቃል። አፕዴትና ፋይል ሲጨመርበት 58ቱን ያልፋል። ያኔ ያገረሻል።

የሰርግ ቪዲዮ የሚቀርፅ ልጅ የገጠመው ከዚህ ይብሳል። በዩኤስቢ የሚሰካ "2 ቴራ" ኤስኤስዲ በርካሽ ገዛ። የአራት ሰርግ ቀረጻ ገልብጦ ካርዶቹን አጠፋ። ካርዶቹ ላይም ሌላ ሰርግ ቀረጸባቸው። ዲስኩን ስከፍተው ውስጡ የስልክ ሜሞሪ ካርድ የተሰካባት ትንሽ ሰሌዳና፣ ክብደት እንዲኖረው የተለጠፈ ብረት አገኘሁ። የመጀመሪያው ሰርግ በከፊል ወጣ። ከሌሎቹ አንድም ምስል አልተረፈም። ዳታ የሚያወጣ ፕሮግራም ሁሉ ሞክሬለታለሁ፤ ያልተጻፈ ነገር ግን አይወጣም። ለሦስት ሙሽሮች ምን ብሎ እንደሚደውል አብረን ስናስብ ያመሸንበትን ቀን እስካሁን አልረሳውም። ይህን ዕቃ አውቆ የሚሸጥ ሰው የሚሰርቀው ብር ብቻ አይደለም።

እንዴት ይለያል? መለያው ላይ "ኤስኤስዲ 1 ቴራ" ብቻ ተጽፎ የሞዴል ቁጥር ከሌለው ጠርጥሩ። ዋጋው በገበያው ካለው በግማሽ ከወረደ ጠርጥሩ። ግን ደህና ማሸጊያ ያለው ፌክም አይቻለሁ። ስለዚህ በዓይን አትፍረዱ። ማረጋገጫው ሞልቶ መሞከር ብቻ ነው።

ኤች ቱ ቴስት ደብሊው የሚባል ነፃ የዊንዶውስ ፕሮግራም አለ። ሊኑክስ ላይ ኤፍ ስሪ አለ። ዊንዶውስ ከመጫናችሁ በፊት፣ ባዶውን ኤስኤስዲ በዩኤስቢ አስማሚ ሌላ ኮምፒውተር ላይ ሰኩት። ፎርማት አድርጉት። ፕሮግራሙን ከፍታችሁ ያለውን ቦታ በሙሉ ምረጡና እንዲጽፍና መልሶ እንዲያነብ እዘዙት። በሴኮንድ 100 ሜጋባይት ከሄደ 1 ቴራ ለመጻፍ ብቻ ሦስት ሰዓት ሊጠጋ ይችላል፣ ማንበቡ ሌላ ነው። ማታ ትታችሁት ተኙ። በመሃል አታቋርጡት። 10 ጊጋ ሞክሮ "ኦሪጅናል ነው" የሚል ሻጭ ምንም አላረጋገጠላችሁም። ፌኩም 10 ጊጋ ያልፋል።

መጨረሻ ላይ ስህተት የለም ካለ፣ የፈጠራቸውን ፋይሎች አጥፍታችሁ ተጠቀሙበት። ዳታ ጠፍቷል ካለ ስክሪኑን ፎቶ አንሱና መልሱ። መመለስ እንድትችሉ ደግሞ ከመክፈላችሁ በፊት "ሞልቼ ሞክሬ ካልተስተካከለ እመልሳለሁ" ብላችሁ ተስማሙ፣ ደረሰኝ ላይም አስጽፉ። እምቢ ካለ ሌላ ሱቅ ሂዱ።

አንድ ጥንቃቄ። ሲሞላ ፍጥነቱ በሴኮንድ ከ400 ሜጋባይት ወደ 50 መውረዱ ብቻውን ፌክ አያሰኘውም። ርካሽ ኤስኤስዲ ፈጣኑ ክፍሉ ሲሞላበት እንዲህ ያደርጋል። የምትፈልጉት የጻፈውን በትክክል ማንበቡን ነው።

አንዳንዱ "58 ጊጋውን ብቻ ለይቼ ልጠቀም" ይላል። አትጠቀሙ። እንዲህ ያለ ዕቃ ውስጥ የሚገባው ቺፕ ብዙ ጊዜ ከፋብሪካ የተጣለ ነው። ለሌላ ሰውም አትሽጡት።

አሮጌውን ሃርድ ዲስክ ቢያንስ ሁለት ወር አትንኩት። ፎርማት አታድርጉት፣ አትሽጡት፣ ለልጆች ፊልም መጫኛ አታድርጉት። እኚያ እናት የዳኑት በዚህ ነው። የመጀመሪያው ሃርድ ዲስካቸው መሳቢያ ውስጥ ተረስቶ ነበር። እስከተቀየረበት ቀን ያለው ሂሳብ በሙሉ ከዚያ ወጣ።

የቀሩት

መብራት ከጠፋ በኋላ ኤስኤስዲው ከነጭራሹ ካልታየ፣ የዳታ ኬብሉን ነቅላችሁ ፓወሩን ብቻ ሰክታችሁ ግማሽ ሰዓት ተዉት። አንዳንዴ ይመለሳል። ከተመለሰ በዚያው ሰዓት ባክአፕ አድርጉ።

ባትሪው የሞተ ላፕቶፕ ሁልጊዜ ሶኬት ላይ ተሰክቶ የሚሰራ ከሆነ፣ ከኤስኤስዲው በፊት ባትሪውን ቀይሩ። ዴስክቶፕ ከሆነ ዩፒኤስ (መብራት ሲጠፋ ለጥቂት ጊዜ የሚያቆይ ባትሪ) ግዙ። በድንገት የሚጠፋ መብራት ርካሽ ኤስኤስዲ ይገድላል።

ዲፍራግ የሚባለውን የሃርድ ዲስክ ፋይል ማደራጃ አታስነሱበት፤ ዊንዶውስ የሚያስፈልገውን ራሱ ያደርጋል።

ቀጭን 7 ሚሊሜትር ዲስክ በ9.5 ሚሊሜትር ቦታ ውስጥ ከተንቀጫቀጨ አንዳንዴ አብሮት የሚመጣውን የፕላስቲክ ፍሬም ለጥፉበት። ወረቀት አትጎስጉሱበት።