ጠዋት ስትነሱ ያስነጥሳችኋል? እስቲ ፍራሻችሁን እዩት

የጅማን ክረምት ያሳለፈ ሰው ያውቀዋል። ጅሬን ኮረብታ ላይ ደመናው ከተጫነ ገመድ ላይ የተሰጣ ጂንስ ሦስት ቀን አይደርቅም፣ ቁም ሣጥኑ ይሸታል፣ የቆዳ ጫማ ሻጋታ ያወጣል። ጠዋት ጠዋት ማስነጠሱና የዓይን ማሳከኩም የሚብሰው በዚያው ሰሞን ነው። እኔ "ብርድ ነው" እያልኩ ስንት ዝንጅብል ሻይ ጠጣሁ መሰላችሁ። ትኩሳት የለ፣ ምን የለ፤ ረፋድ ላይ ደግሞ ጥርግ ብሎ ይጠፋል። ጉዱ ለካ ፍራሹ ውስጥ ነው።

የአቧራ ተባይ ነው። ከሸረሪትና ከመዥገር ወገን ሆኖ ስምንት እግር አለው፤ ግን ከአንድ ሚሊሜትር ሲሶ ስለማይበልጥ በዓይን አይታይም። ከቱኋንና ከቁንጫ ጋር አታምታቱት፤ አይነክስም፣ ደም አይመጥም። የሚበላው ከገላችን የሚረግፈውን ቅርፊት ነው። የሚያስነጥሰን ኩሱና የሞተው ገላው ነው፤ አልጋ ስናራግፍ ቦነን ብሎ አፍንጫችን ውስጥ ይገባል።

ደካማ ጎኑ ደግሞ ይኸው፦ ውሃ አይጠጣም፣ እርጥበቱን ከአየር ነው የሚስበው። የአየሩ እርጥበት ከ50 በመቶ በታች ሆኖ ከሰነበተ ደርቆ ይሞታል። ጀንፈል (ከነገለፈቱ የሚደርቅ ቡና) አስጥቶ ለሚያውቅ ሰው ይህን ማስረዳት አያስፈልግም።

ከአልጋው ጀምሩ። ሳሎኑ ይቆይ፤ ሰባት ስምንት ሰዓት አፍንጫችንን ቀብረን የምናድረው እዚያ ነው። አንሶላና የትራስ ልብስ በሳምንት አንዴ በሙቅ ውሃ ይታጠብ። ሙቅ ስል ለእጅ የሚመች ለብ ያለ ማለቴ አይደለም፤ 60 ዲግሪ ገደማ መሆን አለበት። ማሽን ከሌላችሁ ለሁለት ጆግ የፈላ ውሃ አንድ ጆግ የቧንቧ ውሃ ጨምሩና አንሶላውን ነክራችሁ በእንጨት እያገላበጣችሁ ሩብ ሰዓት አቆዩት። እጅ አይገባም፣ ልጅም አይጠጋም! ቀዝቃዛ ውሃ ኩሱን ያጥባል፣ ተባዩ ግን አብዛኛው ይተርፋል።

ሙቅ ውሃ የማይችል ነገር፣ ለምሳሌ የሱፍ ብርድ ልብስ ወይም የልጅ አሻንጉሊት፣ በፌስታል ታስሮ ሁለት ቀን ፍሪዘር ውስጥ ይቀመጥ። ከዚያ ይታጠብ፤ የሞተውም ያስነጥሳላ።

ፍራሹን ፀሐይ በወጣ ቁጥር አውጡት፣ እያገላበጣችሁ አድርቁት፣ እዚያው ደጅ አራግፉት። እኔ መጀመሪያ ቀን መኝታ ቤት ውስጥ በዱላ ደብድቤው ሌሊቱን ሳስነጥስ አደርኩ። ከቻላችሁ ጥቅጥቅ ያለ ጨርቅ ገዝታችሁ ዙሪያውን የሚሸፍን ባለ ዚፕ ሽፋን ልብስ ሰፊ ጋ አሰፉለት፣ ለትራሱም እንዲሁ። ከሁሉም ያዋጣኝ ይሄ ነው።

ሌላው፣ ጠዋት ወዲያው አልጋ አታንጥፉ። እናቶቻችን እንዳይሰሙ እንጂ፣ አንድ ሁለት ሰዓት ተገልጦ ይቆይና ያደረበት ላብ ይድረቅ። መስኮት ክፈቱ፣ እርጥብ ልብስም መኝታ ቤት ውስጥ አትስጡ።

ወለሉ በእርጥብ ጨርቅ ይወልወል፤ ደረቅ መጥረጊያ አቧራውን ያቦነዋል። ወፍራም ምንጣፍ ከመኝታ ቤት ይውጣ።

ፍሊት መንፋት? ፍራሹ ውስጥ ያለውን አያገኘውም፣ ሽታው ለእናንተ ይተርፋል። የዕጣን ጭስም አይገድለውም፤ አስም ላለበት ሰው እንዲያውም ይብስበታል።

በሳምንት ለውጥ ካላያችሁ አትተዉት፤ ተባዩ ቢያልቅ እንኳ ኩሱ ወራት ይቆያል። ደረት ካፈነ ወይም ስትተነፍሱ ሲር ሲር የሚል ድምፅ ካለ ግን ፍራሽ በማጽዳት ብቻ የሚታለፍ አይደለም፣ ሐኪም ጋ ሂዱ።