ሐይቆቻችን ከመስከረም እስከ ጳጉሜን፦ የቱ ሐይቅ፣ በየትኛው ወር፣ በስንት ሰዓት?

አብዛኞቻችን ሐይቅ የምናየው በቀትር ነው። ከአዲስ አበባ ማልደን እንነሳለን፣ ቁርስ መንገድ ላይ እንበላለን፣ 6 ሰዓት አካባቢ እንደርሳለን። ፀሐዩ አናት ይበሳል። ነፋሱ ተነስቷል። ወፎቹ ጥላ ፈልገው ገብተዋል። ዓሣ በልተን፣ ፎቶ ተነስተን፣ 10 ሰዓት ሳይሞላ እንመለሳለን።

እኔ ሐይቅ የወደድኩት አንድ ጊዜ ሐዋሳ አድሬ ጠዋት 12 ሰዓት ተኩል ላይ ወደ ዳርቻው የወረድኩ ዕለት ነው። ውሃው ጸጥ ብሏል። ዓሣ አጥማጆቹ መረባቸውን ጭነው እየተመለሱ ነበር። አባ ኮዳዎቹ የዓሣ ትርፍራፊ ይጠብቃሉ። ትናንት ከሰዓት ያየሁት ሐይቅ አልመስል አለኝ። ከዚያ ወዲህ ሐይቅ ስሄድ ከመነሳቴ በፊት ሦስት ነገር እጠይቃለሁ፤ የቱ ሐይቅ፣ በየትኛው ወር፣ በስንት ሰዓት። እነዚህን ካወቃችሁ ዓመቱን ሙሉ የሚሄዱበት ሐይቅ አይጠፋም።

መጀመሪያ፦ የሐይቁን ጠባይ እወቁ

ሁሉም ሐይቅ ለዋና አይሆንም። ይህን ሳያውቁ የሚገቡ ብዙ ናቸው።

ለመዋኘት ከሆነ ላንጋኖን አስቀድሙ። ከአዲስ አበባ 200 ኪሎ ሜትር ገደማ ይርቃል። ውሃው ቡናማ ስለሆነ ቆሻሻ የሚመስላቸው ሰዎች አሉ። ቀለሙ ከደቃቅ አፈር የመጣ ነው፤ አፈሩ ተንሳፎ ይቀራል እንጂ አይዘቅጥም። ላንጋኖ ቢልሃርዚያ የሌለበት ሐይቅ ተብሎ ይታወቃል፣ የቤተሰብ ሐይቅ የሆነውም በዚህ ነው። በብዙ ቦታ ዳርቻው በቀስታ ስለሚጠልቅ ለጀማሪ ይመቻል። ችግሩ ውሃው ውስጥ የራሳችሁን እግር እንኳ አለማየታችሁ ነው። ስለዚህ በጭንቅላት መወርወር የለም። በእግር እየረገጡ፣ እየለኩ መግባት ነው።

የቢሾፍቱ ሐይቆች ሌላ ናቸው። ሆራ፣ ባቦጋያና ቢሾፍቱ ሐይቅ በእሳተ ገሞራ ጉድጓድ ውስጥ የተኙ ናቸው። ከዳር ጥቂት እርምጃ ስትሄዱ መሬቱ ከእግራችሁ ሥር ይጠፋል። ላዩ የተረጋጋ ስለሆነ ሰው ያምነዋል። ዋና የማይችል ሰው እዚያ ጉልበቱ ድረስ እንኳ እንዲገባ አልመክርም። ለሚችል ሰው በላይፍ ጃኬት ካያክ መቅዘፍ ግን ከአዲስ አበባ 45 ኪሎ ሜትር ላይ የሚገኝ ትልቅ ደስታ ነው።

ጣና፣ ሐዋሳና ደንበል (ዝዋይ) ለጀልባ፣ ለወፍና ለዓሣ ይሁኑላችሁ። ዳር ዳሩን ቢልሃርዚያ አለ። በሽታው የሚመጣው ረጋ ባለና ሣር በበዛበት ውሃ ውስጥ ከሚኖሩ ትንንሽ ቀንድ አውጣዎች ነው። ከእነሱ የሚወጣው ጥገኛ ተውሳክ በቆዳ በኩል ይገባል። ውሃውን አለመጠጣት ብቻውን አያድንም፤ እግር መንከርም ይበቃዋል። በብዛት የሚወጣው ደግሞ ፀሐይ ሲጠነክር፣ ከ4 እስከ 8 ሰዓት ባለው ጊዜ ነው። ልጆች ውሃ የሚገቡትም በዚያው ሰዓት ነው፤ እኔን የሚያስጨንቀኝ ይኸው ነው።

ጫሞ ውስጥ አዞ አለ። ትልልቅ አዞዎች ፀሐይ ለመሞቅ የሚወጡበት ቦታ "የአዞ ገበያ" እየተባለ የሚጠራው እዚያ ነው። ከጀልባ ላይ ሆኖ ማየት እንጂ እጅ ወደ ውሃ መስደድ አይፈቀድም። ሻላ እስከ 266 ሜትር ይጠልቃል፣ ውሃውም ጨዋማ ነው። ከዳር ቁሙና ዕዩት፣ ፍል ውሃዎቹን ጎብኙ፣ በቃ። ከጎኑ ያለው አቢጃታ ውሃው እየሸሸ ዳርቻው ለስላሳ ጭቃ ሆኗል። መኪና ይዋጣልና ከመንገድ አትውጡ።

ቀጥሎ፦ ዋና ገንዳ ውስጥ ተማሩ

ይህን ክፍል ዘለል አድርጋችሁ እንዳታልፉት እለምናችኋለሁ። ብዙዎቻችን ውሃ ሳንለምድ ነው ያደግነው። ሐይቅ ደግሞ መማሪያ ቦታ አይደለም። ገንዳ ውስጥ መሬቱ ይታያል፣ ጠርዙ ይያዛል። እዚያ ሦስት ነገር ተማሩ፦ በጀርባ ተኝቶ መንሳፈፍ፣ ሳይደነግጡ ትንፋሽ መሰብሰብ፣ ቢያንስ 50 ሜትር ሳይቆሙ መሄድ። ከሦስቱ አንዱን መምረጥ ካለባችሁ መንሳፈፉን ምረጡ። ሰው የሚሰምጠው በአብዛኛው ደንግጦ ሲንፈራገጥ ነው። በጀርባው ተኝቶ የሚተነፍስ ሰው እርዳታ እስኪደርስለት ጊዜ ያገኛል።

ሐይቅ ላይ ስትዋኙ ወደ መሀል አትሂዱ፤ ዳሩን ተከትላችሁ ሂዱ። ብቻችሁን አትግቡ። መጠጥ ከቀመሳችሁ ደግሞ የዚያን ቀን ዋና ይቅር። ላንጋኖ ላይ ቢራውና ዋናው አብረው ሲሄዱ አይቻለሁ፣ ሁልጊዜ ልቤ ይመታል።

ልጆችን የሚጠብቅ አንድ ትልቅ ሰው በስም ይመደብ። "ሁላችንም እናያቸዋለን" ከተባለ ማንም አያያቸውም። ሰው ሲሰምጥ አይጮህም። አፉ ውሃ ውስጥ ስለሚሆን ድምፅ አይወጣውም። ልጅ ሲንቦጫረቅ ቆይቶ ድንገት ዝም ካለ ቶሎ ዞር በሉ።

አንድ ሰው ውሃ ከወሰደው ተከትላችሁ አትዝለሉ። የደነገጠ ሰው ያገኘውን ሁሉ ይጨብጣል፣ አዳኙንም ይዞ ይወርዳል። የሚንሳፈፍ ነገር ወርውሩለት። እኔ ሐይቅ ስሄድ ሁልጊዜ ባዶ ቢጫ ጀሪካን ከነገመድ እጭናለሁ። ክዳኑ ጥብቅ ተደርጎ ከተዘጋ ባለ 20 ሊትሩ ጀሪካን አንድ ትልቅ ሰው ተደግፎት ይንሳፈፋል። ገመዱን ዳር ሆናችሁ ትጎትታላችሁ። ካወጣችሁት በኋላ መጀመሪያ ትንፋሹን ዕዩ። የማይተነፍስ ከሆነ ሆዱን እየተጫናችሁ ውሃ ለማስወጣት ጊዜ አታጥፉ። በአፍ ትንፋሽ መስጠትና ደረቱን መጫን ወዲያው ይጀመር፣ ሌላው ሰው ደግሞ መኪና ይጥራ።

ወሩን ምረጡ

መስከረምና ጥቅምት የጣና ጊዜ ነው። ክረምቱ ወጥቷል፣ ዳሩ ሁሉ አረንጓዴ ነው፣ አየሩ ታጥቧል። ከባሕር ዳር 30 ኪሎ ሜትር ገደማ ወርዳችሁ ጢስ ዓባይንም ሞልቶ ታዩታላችሁ። ከመነሳታችሁ በፊት ግን የመንገዱን ሁኔታ እዚያ ከሚኖር ሰው ጠይቁ። ደሴቶቹ ላይ ወደሚገኙት ገዳማት የምትሄዱ ከሆነ ሴቶች የማይገቡባቸው እንዳሉ አስቀድማችሁ እወቁ፤ ክብራን ገብርኤልና ዳጋ እስጢፋኖስ እንዲህ ናቸው። በዘጌ ያለችው ዑራ ኪዳነ ምሕረት ግን ለሁሉም ክፍት ናት። ከደንገል የተሠራችውን ታንኳ ካያችሁ ቀዛፊውን ቆም ብላችሁ አነጋግሩት። አሠራሩን ሲያስረዳ መስማት ከጉብኝቱ ሁሉ የበለጠብኝ ጊዜ ነበር። በዚሁ ሰሞን፣ ከመስቀል በኋላ ባለው እሑድ፣ ቢሾፍቱ ላይ በሆራ አርሰዲ ዳርቻ እሬቻ ይከበራል። ለበዓሉ ካልሆነ በስተቀር በዚያን ሳምንት ቢሾፍቱ ላይ ጸጥታ አትፈልጉ።

እነዚህ ወራት የወባም ወራት ናቸው። ከመስከረም እስከ ኅዳር ጣናም፣ ሐዋሳም፣ ላንጋኖም፣ አርባ ምንጭም ወባ አለ። አጎበር የሌለው ክፍል አትያዙ። ከምሽቱ 12 ሰዓት በኋላ እጅጌ ያለው ልብስና ረጅም ሱሪ ልበሱ።

ከኅዳር እስከ ጥር ወፍ ለሚወድ ሰው የዓመቱ ምርጥ ጊዜ ነው። ከአውሮፓና ከእስያ ብርድ የሸሹ ወፎች ወደ ስምጥ ሸለቆ ይመጣሉ። ደንበል ቅርብ ነው፣ 160 ኪሎ ሜትር ገደማ። ባቱ ከተማ ዳር ቆማችሁ ፔሊካኖቹን በጣም በቅርብ ታያላችሁ። ጊዜ ካላችሁ ጀልባ ይዛችሁ ወደ ቱሉ ጉዶ ደሴት ተሻገሩ። የዛይ ሕዝብ የሚኖርባት ደሴት ናት፣ ደብረ ጽዮን ገዳምም እዚያው ነው። ጥምቀትን ባቱ ላይ በሐይቁ ዳር ማክበር ደግሞ አንድ ጊዜ ቢሞከር ጥሩ ነው።

ወንጪን የማየውም በእነዚህ ወራት ነው። በአምቦና በወሊሶ መካከል የሚገኝ የእሳተ ገሞራ ሐይቅ ነው፣ ተራራው ከ3,300 ሜትር በላይ ይደርሳል። ዝናቡ ስላቆመ መንገዱ ጭቃ የለውም። በፈረስ ወይም በእግር ትወርዳላችሁ፣ በጀልባ ትሻገራላችሁ። ውሃው ቀዝቃዛ ስለሆነ ለመዋኘት አታስቡት። ጋቢ ያዙ፣ ሲመለሱ ያለው አቀበት ትንፋሽ ስለሚፈልግም ቀስ በሉ።

ከየካቲት እስከ ግንቦት ሙቀቱ ይጨምራል። ላንጋኖ አሁን ነው። በልጉ አልፎ አልፎ ይዘንባል፣ ግን ቀን አያበላሽም። በዐቢይ ጾም ዓሣ ፈላጊው ስለሚበዛ ዋጋው ይወጣል፤ ሐዋሳ አሞራ ገደል ዓሣ ለመብላት ጠዋት ሂዱ። ቆሮሶውን ጥብስ፣ ሾርባውን ደግሞ ትኩስ እዘዙ። ጥሬ ዓሣ በአዋዜ የሚወዱ አሉ፣ እኔ ግን የበሰለውን እመርጣለሁ።

ክረምት ሲገባ ብዙ ሰው ሐይቅን ይረሳል። እኔ ደግሞ ቢሾፍቱን በሐምሌ እወዳታለሁ። ጠዋት ጭጋጉ ከውሃው ላይ ሲነሳ፣ ቡና እየጠጡ ማየት ነው። ክፍል በቀላሉ ይገኛል። ዝናቡ በአብዛኛው ከሰዓት ስለሚመጣ የእግር ጉዞውን ጠዋት ጨርሱ። ነጎድጓድ እንደሰማችሁ ከውሃ ውጡ፣ ከጀልባም ውረዱ፤ ሐይቅ መሀል ላይ ከፍ ብሎ የሚታየው እናንተው ናችሁ።

ሰዓቱ

ለጀልባ ከ12 ሰዓት ተኩል እስከ 4 ሰዓት። ጣናም ሆነ ጫሞ ከሰዓት በኋላ ነፋስ ይነሳባቸዋል፣ ማዕበሉም ትንሽ ጀልባ ያንገላታል። ለዋና ላንጋኖ ላይ ከ3 እስከ 5 ሰዓት ጥሩ ነው። ከ5 እስከ 9 ሰዓት ጥላ ውስጥ ሁኑ። የስምጥ ሸለቆው ሐይቆች አብዛኞቹ ከ1,500 ሜትር በላይ ናቸው፣ ፀሐዩ በደመናም ቀን ያቃጥላል። ለዚህ ሲባል አንድ ሌሊት ማደር ያስፈልጋል። ወጪው ይጨምራል፣ አውቃለሁ። ግን ሁለት ጊዜ ደርሶ መልስ ከመሄድ አንዴ ማደሩ ይሻላል።

ጀልባ ስትከራዩ

ዋጋ ከመጠየቃችሁ በፊት ላይፍ ጃኬቱን ጠይቁ። "አለ" ማለት አይበቃም፣ ልበሱት፣ መቆለፊያው መሥራቱን ሞክሩ። ለልጅ የልጅ መጠን ያስፈልጋል፤ የትልቅ ሰው ጃኬት ከልጅ ላይ ሾልኮ ይወጣል። ባለ ጀልባው ከልክ በላይ ሰው ከጫነ ውረዱ። አንድ ቀን እኔ ወርጃለሁ፣ ሰዎቹ ቅር ብሏቸዋል፣ አልጸጸተኝም።

ጉማሬ ስታዩ ሞተሩ ይቀዝቅዝ፣ ራቅ በሉ። "ጠጋ በል" ብላችሁ ባለ ጀልባውን አትገፋፉት። ማታ ዳር ዳሩን የምትሄዱ ከሆነ በጉማሬውና በውሃው መካከል አትቁሙ። ሣር ሊግጥ የወጣ ጉማሬ ሲደነግጥ ወደ ውሃው ነው የሚሮጠው፣ መንገዱ ላይ ያለውን አይምርም።

ውሃውን ስትለቁ

ሐዋሳ፣ ሻላና የቢሾፍቱ ሐይቆች የሚወጣ ወንዝ የላቸውም። የገባባቸው ሁሉ እዚያው ይቀራል። ሻምፑ ይዛችሁ አትግቡ፣ መኪናም ዳር ላይ አትጠቡ። የውሃ ላስቲካችሁን ይዛችሁ ተመለሱ።

ጣና ወይም ሐዋሳ ላይ ውሃ ከነካችሁ ወዲያው ሰውነታችሁን በፎጣ ጠንከር አድርጋችሁ አድርቁ። ይህ ይረዳል እንጂ ሙሉ ዋስትና አይሆንም። ከ6 እስከ 8 ሳምንት ቆይታችሁ ጤና ጣቢያ ሄዳችሁ ተመርመሩ፤ ቶሎ ከሄዳችሁ ምርመራው ላያሳይ ይችላል። ቢልሃርዚያ መድኃኒት አለው፣ ፕራዚኳንቴል ይባላል። ከተመለሳችሁ ከሳምንት በኋላ ወይም ከዚያ ዘግይቶ ትኩሳትና ብርድ ብርድ ካላችሁ ደግሞ ጉንፋን ነው ብላችሁ አትተኙ፣ የዚያኑ ቀን ጤና ጣቢያ ሄዳችሁ ለወባ ምርመራ ደም ስጡ። ሐኪሙ ባይጠይቃችሁም የት ሐይቅ እንደነበራችሁና ስንት ሌሊት እንዳደራችሁ ንገሩት።