ለሻካራ የእንጨት መጫወቻ

ከጠራቢው እጅ በቀጥታ የገዛችሁት የዋንዛ ገበጣ ወይም የልጅ መኪና ቢሻክር ፕላስቲክ ወደ መግዛት አትመለሱ፤ ያ ሙያ ገዢ ይፈልጋል። በእርጥብ ጨርቅ ጠረግ አድርጉትና ይድረቅ። ውሃው የተኛውን የእንጨት ቃጫ ያስነሳዋል፤ ያኔ በደቃቅ ብርጭቆ ወረቀት፣ በቃጫው አቅጣጫ ብቻ፣ እሹት። ስንጥሩ ይጠፋል፤ በኋላ ቢረጥብም እንደ በፊቱ አይሻክርም።

ከዚያ ለምግብ የሚሆን የተልባ ዘይት በስሱ ቀቡትና ትርፉን ጥረጉ። ተልባ አየር ሲያገኘው እንጨቱ ውስጥ ይጠነክራል፣ የወይራ ዘይት ግን አይደርቅም። የዋንዛው መልክም እንዴት ደምቆ እንደሚወጣ ታያላችሁ! ቀለም ቤት የሚሸጠውን የተልባ ዘይት ተዉት፤ ብዙውን ጊዜ ማድረቂያ ኬሚካል አለበት፣ ልጅ ደግሞ መጫወቻውን አፉ ውስጥ ይከታል። ቫርኒሽ በተቀባ እንጨት ላይ ይህ አይሠራም፤ ስትገዙ ሳይቀባ እንዲሰጣችሁ ጠይቁ።

ዘይት የነካውን ጨርቅ አጨማድዳችሁ አታስቀምጡ፣ በራሱ ሊቀጣጠል ይችላል፤ ውጭ ዘርግታችሁ አድርቁት።