«ልጄ፣ ምን አረረ?»

እማዬን ከደብረ ብርሃን ወደ ሸዋ ሮቢት እየወሰድኳት ነበር። የጣርማ በርን ዋሻ አልፈን ደብረ ሲና ልንገባ ትንሽ ሲቀረን ከኋላ ወንበር «ልጄ፣ ምን አረረ?» አለችኝ። ወጥ ጥዳ የረሳች ነው የምትመስለው። መስኮቱን ስከፍት ሽታው ሰነፈጠኝ። ዳር ይዤ ቆምኩ። ከቀኝ የፊት ጎማ ስስ ጭስ ይወጣል። የሃይላንድ ውሃ አንስቼ ላፈስበት ስል ከኋላችን የቆመ የአይሱዙ ረዳት «ተው! ተው!» ብሎ ጮኸብኝ።

ልክ ነበር። የጋለ የፍሬን ዲስክ ላይ ቀዝቃዛ ውሃ ሲፈስ ብረቱ ሊጣመም፣ ሊሰነጠቅም ይችላል። የእጅ ፍሬንም አትሳቡ፤ የጋለ የፍሬን ሸራ ታምቡሩን (ከጎማው ጋር የሚዞረውን ክብ ብረት) ይዞ ሊቀር ይችላል። ማርሽ አስገቡ፣ ጎማውን በድንጋይ ደግፉ፣ ከዚያ ቁጭ ብላችሁ ጠብቁ። እኛ ግማሽ ሰዓት ቆሎ ስንቆረጥም ቆየን።

ሽታ ሲመጣ ኮፈን ለመክፈት አትቸኩሉ። ጭስ ካልበዛና ነበልባል ከሌለ መጀመሪያ መኪናውን ዙሩት። በየጎማው ጎንበስ ብላችሁ አሽትቱ። የእጃችሁን ጀርባ ወደ ቸርኬው አስጠጉት እንጂ አትንኩት። ሁለቱ የፊት ጎማዎች እኩል ከጋሉ ጥፋቱ የእግራችሁ ሊሆን ይችላል። አንዱ ብቻ ከጋለ ግን እዚያ የሚይዝ ነገር አለ።

የእግር ጥፋት ያልኩት ይህን ነው። ጣርማ በር ከ3,000 ሜትር በላይ ነው፤ ሸዋ ሮቢት 1,300 ገደማ። ያን ሁሉ ቁልቁለት ፍሬን ረግጦ የሚወርድ ሰው ሸራውን ያሳርራል። ከዋሻው በፊት ማርሽ ቀንሱ፣ መኪናውን ሞተሩ ይያዘው። ፍሬኑን ጠበቅ አድርጋችሁ ርገጡና ልቀቁ፣ እግራችሁን አታሳርፉበት። ነዳጅ ይቆጥባል ብለው ፎሌ አድርገው፣ ማለትም ማርሹን አውጥተው፣ የሚወርዱ አውቃለሁ። ከእነሱ ጋር አልሳፈርም።

ፔዳሉ ለስልሶ ወደ ታች ከወረደ የፍሬን ዘይቱ ፈልቶ ይሆናልና ወዲያው ቁሙ። ዶት 3 የሚባለው ዘይት አዲስ ሲሆን ቢያንስ 205 ዲግሪ ድረስ አይፈላም። ግን እርጥበት ይጠጣል፤ ሲያረጅ 140 ላይ ሊፈላ ይችላል። ለዚህ ነው በየ2 ዓመቱ የምቀይረው።

የእኔ ኮሮላ ግን ሌላ ጣጣም ነበረበት። ከሸኖ ወደ ደብረ ብርሃን፣ ያን ያህል ቁልቁለት በሌለበት መንገድ፣ ያው ሽታ ተመለሰ። መሪውም ወደ ቀኝ ይስባል። አንድ ጋራዥ አራቱንም ሸራ ቀየረልኝ፤ ብሬን ከፈልኩ፤ በሳምንቱ እንደገና ሸተተ። በኋላ አንድ ሽማግሌ መካኒክ ሜዳ ላይ በክሪክ አነሳውና ጎማውን በእጁ አሽከረከረው። ግራው በቀላሉ ዞረ። ቀኙ ሩብ ዙር ሄዶ ቀጥ አለ። ሸራውን የሚጨብጠው ብረት የሚንሸራተትባቸው ሁለት ፒኖች ነበሩ፤ አንዱ ዝጎ ደርቋል። አወጣው፣ በብርጭቆ ወረቀት ጠረገው፣ ለፍሬን የተሠራ ግሪስ ቀባው። ተራ ግሪስ አትቀቡ፣ ጉሚኒውን ያሳብጠዋል። ፒኑ ደህና ሆኖ አሁንም ከያዘ ሸራውን የሚገፋውን ፒስተን ወይም የዘይት ቱቦውን አስፈትሹ። እሱን እኔ አልነካም፤ ለባለሙያ ነው የምሰጠው።

ሽታው ተመሳሳይ ሆኖ ዳገት ላይ ከመጣስ? ያኔ ፍሪሲዮን ነው። ከሸዋ ሮቢት ስትመለሱ ከከባድ መኪና ጀርባ እየተንፏቀቃችሁ በፍሪሲዮን መኪናውን ከያዛችሁት የፍሪሲዮኑ ሸራ ይቃጠላል። ሞተሩ እየጮኸ መኪናው ካልጎተተ አልቋል ማለት ነው። ሜዳ ላይ፣ ከፊታችሁ ሰው ሳይኖር፣ የእጅ ፍሬን አጥብቃችሁ ሦስተኛ አስገቡና ፍሪሲዮኑን ቀስ ብላችሁ ልቀቁ። ሞተሩ ከጠፋ ደህና ነው፤ መጮኹን ከቀጠለ መቀየር ነው። አንዴ ሞክሩት፣ አትደጋግሙት።

ጎማዎቹ ቀዝቃዛ ከሆኑ አሁን ኮፈኑን ክፈቱ። የዘይት ሽታና ሰማያዊ ጭስ ካለ ከቴስታታው (ከሞተሩ የላይኛው ክፍል) ክዳን ጓርኒሲዮን፣ ማለትም ማሸጊያ፣ የሚወርድ ዘይት የጭስ ማውጫው ላይ እየነደደ ሊሆን ይችላል። ጠርጋችሁ፣ ትንሽ ነድታችሁ፣ ከየት እንደሚወርድ እዩ። ጣፈጥ ያለ ሽታ ከሆነ የራዲያተር ውሃ ነው፤ ሞተሩ እስኪቀዘቅዝ ክዳኑን አትንኩ። የጎማ ሽታ ከሆነ ቺንጋውን (ሞተሩ ላይ የሚዞረውን ቀበቶ) ተመልከቱ። የቀለጠ ሽቦ ከሸተታችሁ ግን ምርመራ የለም። ቁልፉን አጥፉ፣ ሰው አውርዱ፣ ከቻላችሁ የባትሪውን ኔጋቲቭ ንቀሉ። የተቃጠለ ፊውዝ በወፍራም ሽቦ የሚተካ «ባለሙያ» ካገኛችሁ ቁልፋችሁን ተቀብላችሁ ሂዱ።

ባለፈው እማዬ ደግሞ «ፕላስቲክ ሸተተኝ» አለች። ሽቦ ነው ብዬ ደነገጥኩ። ሥር ገብቼ ሳይ ጥቁር ፌስታል ማርሚታው (የጭስ ማውጫው ድምፅ ማፈኛ) ላይ ተለጥፎ ይቀልጣል። እስኪቀዘቅዝ ጠበቅኩና በእንጨት ፋቅኩት። የቀረው ትንሽ ትንሽ እየሸተተ ሁለት ቀን ነዳሁት፣ ከዚያ ነዶ አለቀ።