የቤተሰባችሁን የመሬትና የሰው ሒሳብ በአንድ ወረቀት እንዴት ትሠራላችሁ?

ስለ ሕዝብ ብዛት ሲወራ ወሬው ሁሌ ሚሊዮን ነው። ሚሊዮን ደግሞ እጅ ላይ አይያዝም። እኔ ደብረ ማርቆስ ጂኦግራፊ አስተምራለሁ። ተማሪዎቼ የ1987ቱን ቆጠራ 53 ሚሊዮን፣ የ1999ኙን 73 ሚሊዮን ብለው ሸምድደው ይመጣሉ፤ ፈተናው ሲያልቅ ይረሱታል። ከ1999 ወዲህም አገር አቀፍ ቆጠራ ሳይካሄድ ቆይቷል። ስለዚህ ሒሳቡን ከየቤታቸው እንዲጀምሩ አደርጋለሁ። መጀመሪያ የሞከርኩት በራሴ ዘመዶች ነው፤ ስናን፣ ከጮቄ ተራራ ግርጌ። የሚያስፈልጋችሁ ወረቀት፣ እርሳስ፣ ረጅም ገመድና ሰው ከሥራ የሚያርፍበት አንድ ቀን ነው።

ከአያት ጀምሩ። ዓመተ ምሕረት አትጠይቁ። «መሬት ላራሹ ሲታወጅ ስንት ጥማድ ታርሱ ነበር?» በሉ። የ1967ቱን አዋጅ የዚያ ዘመን ሰው አይረሳውም። የእኔ አያት 12 ጥማድ ነበራቸው። በእኛ አገር 4 ጥማድ ወደ 1 ሄክታር ስለሚጠጋ፣ 3 ሄክታር ማለት ነው።

ቀጥሎ የልጆቹን ቁጥር ታገኛላችሁ። እዚህ ላይ ተጠንቀቁ፤ እኔ ተሳስቻለሁ። አያቴን ቡና እየተጠጣ «እምዬ፣ ስንት ልጅ ወለድሽ?» አልኳት። ስኒውን አስቀመጠችና «ልጅ እንደ ከብት ይቆጠራል እንዴ?» ብላ ዝም አለች። ቡናው እስኪያልቅ አላናገረችኝም። በሌላ ቀን ስሄድ «የመጀመሪያው ማን ነው? ከእሱ ቀጥሎስ?» እያልኩ ስማቸውን ጠየቅኳት። ያኔ ሁሉንም በተራ ነገረችኝ። ስምንት ናቸው። አምስተኛውና ሰባተኛው ላይ ስትደርስ ድምፅዋ ቀነሰ። ሁለቱንም ኩፍኝ ነው የወሰዳቸው። ስለዚህ የሞቱትንም ጻፉ፤ ከጎናቸው ምልክት አድርጉ። የሒሳቡ ቁልፍ እዚያ ነው። የእምዬ ትውልድ ብዙ የወለደው የሚተርፈውን ስለማያውቅ ነው። ክትባት መጣ፣ ልጆቹ ተረፉ። የመውለዱ ልማድ ግን በዚያው ፍጥነት አልቀነሰም። ይህን የሚያይ ሰው እናቶችን አይወቅስም።

አሁን ገመዱን ያዙና ማሳው ላይ ውጡ። የመሬት ይዞታ ደብተሩ ላይ ያለው ስፋት ይጠቅማል፤ ግን በእሱ ብቻ አትርኩ። አጎቴ ደብተሩ ላይ 2 ጥማድ አለው። ሁለታችን ስንለካው ከታች በኩል ያለውን ጠርዝ ቦረቦር በልቶታል። በልጅነቴ ጥላው ሥር የምንቀመጥበት ኮሶ አሁን ግማሽ ሥሩ አየር ላይ ተንጠልጥሏል። አጎቴ ሥሩን በእጁ ያዘና «ይኼ እኮ መሃል ማሳ ነበር» አለኝ። የጠፋውን ከስፋቱ ላይ ቀንሱ። ከ1989ኙ የመሬት ሽግሽግ ወዲህ እኛ ዘንድ መሬት እንደገና አልተከፋፈለም። ያኔ ልጅ የነበረ ሁሉ አሁን ዐይኑ የወላጁ ማሳ ላይ ነው።

ሦስተኛው መስመር እህሉ ነው። ለአንድ ሰው በወር 15 ኪሎ እህል ያዙ፤ በእርዳታና በሴፍቲኔት የሚሰፈረው ልክ እሱ ነው። በዓመት 180 ኪሎ፣ ማለትም 1.8 ኩንታል ይሆናል። አጎቴ ቤት 7 ሰው አለ፤ 12.6 ኩንታል ያስፈልጋቸዋል። ማሳው በጥሩ ዓመት ከአንድ ጥማድ 5 ኩንታል ገብስ ይሰጣል። ጠርዙ ባይበላ እንኳ 10 ኩንታል ነው። ዘርና የማዳበሪያ ዕዳ ሳይነሳለት ጎደለ። ለአምስቱ ልጆች ቢካፈልማ ለአንዱ ግማሽ ጥማድ አይሞላም።

ወረቀቱን ገልብጡና በጀርባው ስለ አካባቢው ጻፉ። አንድ ጥያቄ ይበቃል፦ «ድሮ እርሻው እስከ የት ነበር?» አጎቴ ቀና ብሎ ወደ ጮቄ ጠቆመኝ። በጎልማሳነቱ አስታና ጅብራ የሚባሉት የደጋ ዕፅዋት የነበሩበት ተዳፋት ዛሬ ገብስ፣ ድንችና እንግዶ የሚባለው እህል ነው። ማሳ ሲያንስ ሽቅብ ይታረሳል። ሽቅብ የታረሰው አፈር በክረምት ወደ ጨሞጋና ወደ ሙጋ ወንዞች ይወርዳል፣ ከዚያም ዓባይ። ማገዶ ሲጠፋ ደግሞ ኩበት ይነዳል፤ ያ ኩበት የማሳው ፍግ ነበር። አንዱ ሌላውን ይጎትታል።

ወደፊቱን፣ ማለትም ሕዝቡ በስንት ዓመት እጥፍ እንደሚሆን ለማየት 70ን ለዓመታዊው የዕድገት መቶኛ አካፍሉ። በሁለቱ ቆጠራዎች መካከል አገሪቱ በዓመት 2.6 በመቶ ገደማ አድጋለች። 70 ለ2.6 ሲካፈል 27 ዓመት ይሆናል። በዚያ ፍጥነት ዛሬ የተወለደች ልጅ 27 ዓመት ሲሞላት ሕዝቡ እጥፍ ይሆናል ማለት ነው። ማሳው ግን አይወልድም።

አሁን ወረቀቱን ለማን ታሳያላችሁ? ለሽማግሌዎች ብቻ እንዳይሆን። ሊያገቡ የተዘጋጁት፣ አዲስ የወለዱት፣ በተለይ ወንዶቹ ይዩት። «ልጅ በዕድሉ ያድጋል» የሚላችሁ አይጠፋም። አትከራከሩ፤ እርሳሱን ስጡትና እሱ ራሱ ያካፍል። ከዚያ የሚቻለውን አንሡ። ጤና ኬላ ያለችው የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛ ክንድ ውስጥ ስለሚቀበረው፣ 3 ዓመት ስለሚሠራው የእርግዝና መከላከያ ባልና ሚስት በተቀመጡበት እንድታስረዳ ጥሯት። ሴት ልጆችን ትምህርት ቤት አቆዩ። በ2008ቱ አገር አቀፍ ጥናት ያልተማረች ሴት በአማካይ 5.7 ልጅ ስትወልድ፣ ከሁለተኛ ደረጃ በላይ የተማረችው 1.9 ነው። በአማራ ክልል አማካዩ 3.7 ደርሶ ነበር፤ የ1985ቱ የሥነ ሕዝብ ፖሊሲ ሲወጣ የአገሪቱ አማካይ 7.7 ተብሎ ነበር የተያዘው። ስለዚህ ሊቀየር የማይችል ነገር አይደለም። ማሳውን ከመበጣጠስ አንዱ አርሶ ሌሎቹ ሙያ የሚይዙበትን መንገድም ተነጋገሩ። ይህ ከሁሉ የከበደው ነው፤ ዘመድ ያጣላል፤ አንድ ቀን አይበቃውም።

ሲያልቅ ወረቀቱን ከመሬት ደብተሩ ጋር አስቀምጡት፤ ልጅ ሲወለድም ሲዳርም አውጥታችሁ አስተካክሉት። የአጎቴ ሳጥን ውስጥ ነው። ባለፈው ፋሲካ ሳወጣው የበኩር ልጁ በእርሳስ አንድ መስመር ጨምሮበት አገኘሁ፦ «ቦረቦሩ ከክረምት ወዲህ፦ ሦስት ክንድ»።