ሊንኩ አለ፣ ታስኩ ግን አይንቀሳቀስም፦ የጂራ አውቶሜሽን ችግርና መፍትሄ

ጥር ሲቃረብ የጎንደር አስጎብኚ ቢሮዎች ፋታ የላቸውም። ለጥምቀት የሚመጣው እንግዳ ብዙ ነው፣ ሥራውም እርስ በርሱ የተሳሰረ። ቅድመ ክፍያ ካልገባ ክፍል አይያዝም። ክፍል ካልተያዘ ሾፌሩ እንግዳውን ከአዘዞ አውሮፕላን ማረፊያ ተቀብሎ ወዴት እንደሚወስደው አያውቅም። ይህን ሁሉ በጂራ፣ ማለትም በሥራ መከታተያ ሶፍትዌር፣ የሚከታተል አንድ ፒያሳ ያለ ቢሮ እናስብ። ሌላ ሶፍትዌር የምትጠቀሙ ከሆነ የቁልፎቹ ስም ይለያይ ይሆናል እንጂ ችግሩ ብዙም አይርቅም።

«ሊንክ አድርጌዋለሁ፣ ግን ምንም አልሆነም»

«ቅድመ ክፍያ» አልቋል። «ክፍል ማስያዝ» ግን አሁንም ታግዶ ቁጭ ብሏል።

ሊንክ በሁለት ታስኮች መካከል ያለውን ዝምድና ይመዘግባል፣ በቃ። ስታተስ (ታስኩ ያለበትን ደረጃ) አይቀይርም፣ ቀንም አይገፋም። ታስክ የሚያንቀሳቅሰው የአውቶሜሽን ሩል (ይህ ሲሆን ያን አድርግ የሚል ትእዛዝ) ነው፤ እሱን ደግሞ ራሳችሁ መሥራት አለባችሁ። ቡድኑ ግን ሁለቱን ታስኮች ካገናኘ በኋላ «ሲስተሙ ይጨርሰዋል» ብሎ እጁን አጣጥፎ ይቀመጣል።

ሩሉ ኖሮም ካልሠራ መጀመሪያ ብራንች፣ ማለትም ሩሉን ወደ ሌሎች ታስኮች የሚያሻግር ቅርንጫፍ፣ እንዳለው እዩ። ብራንች የሌለው ሩል የሚነካው የቀሰቀሰውን ታስክ ራሱን ነው። ስለዚህ ያለቀውን «ቅድመ ክፍያ» ሊቀይር ይሞክራል፣ «ክፍል ማስያዝ»ን አያየውም። መፍትሄው በብራንች በኩል ወደተያያዙት ታስኮች ማሻገር ነው።

ቀጥሎ አቅጣጫውን ፈትሹ። «ክፍል ማስያዝ»ን ስትከፍቱ «ኢዝ ብሎክድ ባይ፦ ቅድመ ክፍያ» ማለት አለበት። «ብሎክስ» ካለ ተገልብጧል ማለት ነው፤ አጥፉትና እንደገና አያይዙ። «ሪሌትስ ቱ» የሚለው ሊንክ ለመረጃ ያህል ጥሩ ነው። አውቶሜሽን በእሱ ላይ ባታንጠለጥሉ ይሻላል፣ ሰው ያገኘውን ሁሉ በእሱ ያያይዛልና።

ታስኩ ያለጊዜው ይከፈታል

«እንግዳ መቀበል» ሁለት ነገር ይጠብቃል፦ ክፍሉንና መኪናውን። መኪናው እንደተገኘ ግን ታስኩ «ዝግጁ» ይላል። ሩሉ አንድ እገዳ መነሳቱን እንጂ ሁሉም መነሳታቸውን አልጠየቀም። በብራንቹ ውስጥ አንድ ኮንዲሽን (ቅድመ ሁኔታ) ጨምሩ፦ ይህን ታስክ የሚያግዱት በሙሉ አልቀዋል ወይ? ቦታው ወሳኝ ነው። ኮንዲሽኑ ከብራንቹ ውጭ ከተቀመጠ የሚመረመረው የመኪናው ታስክ ነው፣ መልሱም አይረባችሁም።

ሩሉ ዝም ብሏል

መብራት ስለጠፋ ወይም ኔትወርክ ስለተቆራረጠ ነው አትበሉ። ክላውድ ላይ ያለው ሩል የሚሠራው በጂራ ሰርቨር እንጂ በእናንተ ላፕቶፕ አይደለም። ከመገመት ኦዲት ሎጉን (ሩሉ መቼ ተነስቶ ምን እንዳደረገ የሚያሳየውን መዝገብ) ክፈቱ።

ሎጉ ላይ ምንም መስመር ከሌለ ሩሉ ጭራሽ አልተነሳም። ወይ ጠፍቷል፣ ወይ ትሪገሩ (ሩሉን የሚቀሰቅሰው ክስተት) ሌላ ነገር ይጠብቃል፣ ወይ ደግሞ የተሠራው ለአንድ ፕሮጀክት ብቻ ሆኖ ታስኩ ሌላ ፕሮጀክት ውስጥ ነው። ይህ የመጨረሻው ችግር የሂሳብ ክፍሉና የጉዞ ክፍሉ የየራሳቸው ፕሮጀክት ባላቸው ቢሮዎች ይበዛል። የሩሉን ክልል ሁለቱንም እንዲይዝ ማስፋት የአድሚን ሥራ ነው።

«ኖ አክሽንስ ፐርፎርምድ» ካለ ሩሉ ተነስቷል፣ ግን ኮንዲሽኑን የሚያሟላ ታስክ አላገኘም። አብዛኛውን ጊዜ የሊንኩ አቅጣጫ ነው። «ሰም ኤረርስ» ካለ መስመሩን ከፍታችሁ አንብቡ። ወይ ሩሉ የሚሠራበት አካውንት ፈቃድ የለውም፣ ወይ ከአሁኑ ስታተስ ወደሚፈለገው የሚወስድ መንገድ ወርክፍሎው (ታስኩ የሚያልፍባቸው ደረጃዎች ቅደም ተከተል) ላይ የለም።

ቀኑ ተዛብቷል

የእኛ አገር ጣጣ እዚህ ላይ ነው። አንዱ ባልደረባ ጥር 11ን «11/01» ብሎ ያስገባል። ጂራ የሚያውቀው የፈረንጁን አቆጣጠር ስለሆነ ጃንዋሪ 11 ብሎ ይይዘዋል። እሱ ደግሞ በእኛ አብዛኛውን ጊዜ ጥር 3 ነው። ጥምቀት የሚውለው ጃንዋሪ 19 ነው፤ ያለፈችው ጳጉሜ 6 ቀን ከነበረች ደግሞ ጃንዋሪ 20። «ከበዓሉ ሁለት ቀን በፊት ለሾፌሩ አስታውስ» የሚለው ሩል ሳይሳሳት ይቆጥራል፣ የሚነሳበት ቀን ግን የተሳሳተ ነው። ሾፌሩ ከሳምንት በላይ ቀድሞ አዘዞ ይገኛል።

ቀን በቁጥር አትጻፉ፣ ከካላንደሩ ላይ የወሩን ስም አይታችሁ ምረጡ። የእኛን ቀን የታስኩ ርዕስ ላይ በጽሑፍ አስቀምጡ፦ «እንግዳ መቀበል፣ ጥር 9»። የመቀየሩን ሥራም ለአንድ ሰው ስጡ። ሁሉም በየስልኩ ሲቀይር ነው ቀኑ የሚበላሸው።

ሰዓቱም እንዲሁ ነው። ጠዋት 2 ሰዓት እንዲነሳ የፈለጋችሁትን ሩል 2፡00 ብላችሁ ካስገባችሁ ከሌሊቱ 8 ሰዓት ላይ ይነሳል። ትክክለኛው 8፡00 ነው። ከዚህ ሌላ «ናው» (አሁን) የሚለው ስማርት ቫልዩ፣ ማለትም ሩሉ ሲሠራ ጂራ ራሱ የሚሞላው ዋጋ፣ የሚያስበው በዓለም አቀፉ መነሻ ሰዓት (ዩቲሲ) ነው፣ ከእኛ በ3 ሰዓት ወደኋላ። ስለዚህ ከሌሊቱ 6 እስከ 9 ሰዓት ባለው ጊዜ የሚነሳ ሩል የትናንቱን ቀን ይጽፋል። ወደ አዲስ አበባ ሰዓት የሚቀይረውን ፈንክሽን ጨምሩበት።

አንዱ ሩል ሌላውን አይቀሰቅስም

«ክፍል ማስያዝ» በሰው እጅ ሲዘጋ ቀጣዩ ይከፈታል፣ በሩል ሲዘጋ ግን አይከፈትም። ሩል በሌላ ሩል ሥራ እንዳይነሳ ሆን ተብሎ ተዘግቷል፣ ሁለት ሩሎች ማብቂያ የሌለው ዙር እንዳይገቡ። በሁለተኛው ሩል ዝርዝር መረጃ ላይ በሌሎች ሩሎች መነሳትን የሚፈቅድ ሳጥን አለ፤ እዚያ ላይ ምልክት አድርጉ። ሁሉም ሩሎች ላይ ግን አታድርጉት፣ ነጻው ፓኬጅ ወርሃዊ የሩል ገደብ ስላለው እንዲህ ያለ ዙር ኮታውን ሊበላው ይችላል።

ኢሜይሉ በዛ

ሩሉ ብዙ ታስክ በነካ ቁጥር ለሁሉም ኢሜይል ይሄዳል፣ ሰዉም ማንበብ ያቆማል። ታስክ የሚያስተካክለው አክሽን ተጨማሪ ምርጫዎች ውስጥ ማሳወቂያ የሚልከውን ምልክት አንሱ። ሾፌሩ የሚጠብቀውን አንዱን መልእክት ብቻ ለይታችሁ በራሱ አክሽን ላኩለት።