የአሉሚኒየም ጀልባ በቤት ለሚሠሩ፦ ከብየዳ ማሽን ምርጫ የሚመጡ ችግሮችና መፍትሄያቸው

ጀልባ ጀምረው «ማሽኑ ተበላሸ» እያሉ ከሚያመጡልኝ ሰዎች የአብዛኞቹ ማሽን ጤነኛ ነው፤ ችግሩ ለሌላ ሥራ የተሠራ መሆኑ ነው። የምጽፈው ከ3 እስከ 4 ሚሊሜትር ውፍረት ባለው፣ 5083 ወይም 5086 በሚባል የአሉሚኒየም ቅይጥ ላሜራ፣ በ220 ቮልት የቤት መስመር ለሚሠሩ ነው። የመሬት ገመዱንና የጋዙን መከፈት አስቀድመው እንዳዩ እቆጥራለሁ።

ላሜራው ከውስጥ ይቀልጣል፣ ላዩ ግን ጠቁሮ ይሸበሸባል፤ ሁለቱ ጠርዞች አይዋሃዱም። ማሽኑ ዲሲ (አቅጣጫው የማይለዋወጥ ጅረት) ብቻ የሚሰጥ ቲግ (በማይቀልጥ የተንግስተን ዘንግ የሚበይድ) ነው። አሉሚኒየም በ660 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ሲቀልጥ፣ ላዩን የሸፈነው ኦክሳይድ እስከ 2,000 ዲግሪ ገደማ አይበገርም፤ ይህን ሽፋን የሚያነሳው የኤሲ (አቅጣጫው የሚለዋወጥ ጅረት) ቲግ ነው። ይህ በማስተካከያ አይፈታም፤ ማሽኑን መልሰው ይቀይሩ። ኤሲ ያለው ቲግ ቢሆንም አዝጋሚ ስለሆነና ሙቀቱ ላሜራውን ስለሚያጣምም ለትንንሽ ክፍሎች ያቆዩት፤ ለጀልባው አካል ሚግ፣ ማለትም ሽቦውን ራሱ እየገፋ የሚበይድ ማሽን፣ ይምረጡ።

ሽቦው ጥቂት ሄዶ ይቆማል፤ ማሽኑ ሲከፈት ሽቦውን የሚገፋው ሮለር አጠገብ ተቋጥሮ ይገኛል። ደጋግሞ የሚመጣብኝ ይህ ነው፤ ከአምፔሩ በፊት ማሽኑ ሽቦውን እንዴት እንደሚገፋ ይታይ የምለውም ለዚህ ነው። የብረት ሽቦ ጠንካራ በመሆኑ 3 ሜትር ርዝመት ባለው የቶርች (በእጅ የሚያዘው የብየዳ መያዣ) ገመድ ውስጥ ተገፍቶ ያልፋል። የአሉሚኒየም ሽቦ ግን ለስላሳ ነው፤ ገመዱ በተጠማዘዘ ቁጥር ይፈተጋል፣ ጫፉ ላይ ይጣበቃል፣ ከኋላ ያለው ሮለር ግን መግፋቱን ስለማያቆም ሽቦው ባገኘው ክፍተት ወጥቶ ይጠማጠማል።

ብዙ ሰው በዚህ ጊዜ የሮለሩን ማጥበቂያ ያጠብቃል፤ እባክዎ ይህን አያድርጉ። አንድ ደንበኛ ማጥበቂያውን እስከ መጨረሻው አዙሮ ባመጣው ማሽን ሽቦው ተጨፍልቆና የሮለሩን ጥርስ ምልክት ይዞ ይወጣ ነበር፤ የቶርቹን የውስጥ ቱቦ ነቅዬ ጠረጴዛ ላይ ሳራግፈው የተፋቀ የአሉሚኒየም ብናኝ ወረደ። ጥርስ ያለውን ሮለር «ለሁሉም ሽቦ ይሆናል» ብሎ የሸጠለት ሰው ሙሉ የሽቦ ጥቅል አባክኖበታል።

መፍትሄው ጥርስ የሌለውና ጎድጓዳው ክብ የሆነ ሮለር፣ የቴፍሎን የውስጥ ቱቦ፣ ቀዳዳው ለአሉሚኒየም ሰፋ ያለ የቶርች ጫፍና 1.0 ሚሊሜትር ሽቦ ነው። ማጥበቂያውን ያላሉት፤ ሽቦው ሲያዝ ሮለሩ ላይ መንሸራተት አለበት። ይህ በተዘረጋ ላሜራ ላይ ይሠራል፤ ጀልባው ውስጥ፣ በጎድኖቹ መካከል ሲገቡ ግን ገመዱ መጠማዘዙ ስለማይቀር ችግሩ ይመለሳል። ስለዚህ ስፑል ጋን የሚቀበል ማሽን ይግዙ፤ ትንሹ ጥቅል ራሱ ቶርቹ ላይ ስለሚቀመጥ ሽቦው የሚገፋው ጥቂት ሴንቲሜትር ብቻ ነው። ማሽኑንና ስፑል ጋኑን ከአንድ አምራች ይውሰዱ፤ ሞተራቸው በ12 ቮልት የሚሠራም በ24 ቮልት የሚሠራም ስላለ፣ መሰኪያው ገጠመ ማለት ሠራ ማለት አይደለም።

የብየዳው መስመር በጥቃቅን ቀዳዳዎች ይሞላል፣ ውሃም ያስገባል። ማሽኑን አይክሰሱ፤ ከእርጥበት፣ ከዘይትና ከቅባት የሚመጣ ሃይድሮጅን ነው። ጋዙ ንጹህ አርጎን ይሁን፤ ከብረት ሥራ የተረፈ፣ ካርቦን ዳይኦክሳይድ የተቀላቀለበት ጋዝ ሥራውን ያበላሻል። በክረምት ሽቦውን ማሽኑ ላይ አያሳድሩት፤ አሽገው ያስቀምጡት። ላሜራውን መጀመሪያ በአሴቶን ይጥረጉ፣ ሲደርቅ ለአሉሚኒየም ብቻ በተለየ የማይዝግ ብረት ብሩሽ ይፈትጉ፤ ቅደም ተከተሉ ከተገለበጠ ብሩሹ ቅባቱን ወደ ውስጥ ያስገባዋል። ክሎሪን ባለበት የፍሬን ማጽጃ ፈጽሞ አይጠቀሙ። ከአርኩ (ከብየዳው የኤሌክትሪክ ብልጭታ) ጋር ሲገናኝ ፎስጂን የሚባል ገዳይ ጋዝ ይፈጥራል፤ ጥቂቱም ሳንባ ያጠፋል።

መስመሩ ይሰነጠቃል። 4043 ሽቦ ተጠቅመዋል፤ ለ5083 ላሜራ 5356 ወይም 5183 ይግዙ።

ብሬከሩ ይወርዳል፣ ወይም ማሽኑ ግሎ ይቆማል። ማሽኑ ጎን ላይ የተጻፈውን አምፔር በሒሳብ ይፈትሹት። 250 አምፔር የሚል ሚግ አርኩ ላይ 26.5 ቮልት ገደማ ስለሚፈልግ ከ6,600 ዋት በላይ ማውጣት አለበት፤ የ16 አምፔር ሶኬት ግን በ220 ቮልት የሚሰጠው 3,520 ዋት ነው። በእንዲህ ያለ ሶኬት 250 አምፔር እሰጣለሁ የሚል ማሽን ጽሑፉ ውሸት ነው። ለዚህ ላሜራ 180 አምፔር በእርግጥ የሚሰጥ ይበቃል፤ ለእርሱም የ32 አምፔር መስመር ያስዘርጉ። ማሽኑ ላይ duty cycle (የሥራ ጊዜ ድርሻ) ተብሎ የተጻፈው 40 በመቶ የሚለው ቁጥር ከ10 ደቂቃ ውስጥ 4ቱን ብቻ ይበይዳል ማለት ስለሆነ፣ ቁጥሩ ለየትኛው አምፔር እንደተጻፈ ያንብቡ። ከመክፈልዎ በፊትም ሻጩ የቶርቹን ገመድ አጠማዝዞ፣ በአሉሚኒየም ሽቦ፣ አንድ ሜትር ሳያቋርጥ እንዲበይድልዎ ይጠይቁት።